ሁለት ጆንያ ጀንፈል

ልጁን የገደለው ሁለት ጆንያ ጀንፈል ነው። አጸደ ይህን ለጠየቃት ሁሉ ሳትሸፋፍን ትናገራለች። ባሏ ጴጥሮስ ግን “መንገዱ ነው” ይላል።

ጴጥሮስ ከቴፒ ጅማ ሃያ ዓመት የጭነት መኪና ነድቷል። በ1969 ከአንድ ቡና እርሻ የተወረሰች ጥቁር ጃጓር አውቶሞቢል ሐራጅ ስትወጣ ያለ የሌለውን አሟጦ ገዛት። ወንበሯ ቆዳ፣ ዳሽቦርዷ እንጨት፣ ሞተሯ ስድስት ሲሊንደር ነው። ቴፒ አስፋልት የሚባል ስለሌለ ከቤት እስከ ገበያ ደርሳ ትመለሳለች። ለሚሳፈር ሁሉ አንድ ትእዛዝ አለው፤ “በሩን በቀስታ! የጭነት መኪና መሰለህ እንዴ?”

በ1972 ሐምሌ አጸደን ምጥ ያዛት። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ሆዷን ዳስሶ፣ “ልጁ ተጋድሟል፤ ዛሬውኑ ሚዛን ተፈሪ ሐኪም ቤት ካልደረሰች አይሆንም” አለ። ጎረቤታቸው ከድር ቡና ጭኖ ወደዚያው ሊወጣ ሞተር አስነስቶ ነበር።

“ጋሽ ጴጥሮስ፣ ጋቢናው ባዶ ነው፤ ቶሎ አምጧት!”

“ሚስቴን በጭነት መኪና? አንተ ሸኮ ሳትደርስ እኔ ሐኪም ቤት አስተኝቻታለሁ።”

“ይቺ እመቤት ጃጓርህ ጭቃ መቼ አይታ ታውቃለችና!”

“እኔ አሳያታለሁ። ሂድ አንተ!”

ከድር ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ።

በክረምት የኋላ ጎማ ጭቃ ላይ እንዳይሽከረከር ክብደት ይጫንበታል፤ ይህን የማያውቅ የጭነት ሹፌር የለም። ጴጥሮስም አጸደን የኋላ ወንበር ላይ አስተኝቶ፣ እሷ እያማጠች፣ ሁለት ጆንያ ጀንፈል፣ ያልተፈለፈለ ደረቅ ቡና፣ ከመጋዘን አውጥቶ ዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ ጫነ። ለጭነት መኪና ቢሆን ልክ ነበር። ጃጓሯ ግን ባዶዋንም ሆዷ መሬት ሊነካ ጥቂት ነው የሚቀረው።

መንገድ ላይ ያለችው ሸኮ ሳይደርሱ አንድ ድንጋይ ከሥር የዘይት ቋቷን ቀደደው። ሞተሩ አቃሰተና ቀጥ አለ። ከድር ቀድሟቸው ሄዷል፤ ከኋላቸው የሚመጣ መኪና አልነበረም። ገበሬዎች አጸደን በቃሬዛ ተሸክመው ሸኮ ሲያደርሷት ቀኑ አልፎ ነበር። እሷ ተረፈች።

ኅዳር ላይ ጃጓሯ ተጠገነች። ጴጥሮስ አጥቦ፣ ወልውሎ፣ የፊቱን በር ከፈተላት። አጸደ ገባች። የገባችው ለሽርሽር አይደለም። ልብሷ ተጠቅልሎ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል፤ ማሻ ያለችው እህቷ ትጠብቃታለች። “ከድርን እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ” ካለ ጥቅልሉን ፈትታ ትቀራለች። ከዚያ ሌላ የምትፈልገው ነገር አልነበረም።

“ጴጥሮስ፣ ያን ቀን ከድር ምን አለህ?”

ዳሽቦርዱን በመሐረብ መጥረግ ጀመረ። “መንገዱ ነው አጸዱዬ። አስፋልት ቢሆን ኖሮ አንድ ሰዓት አይፈጅብንም ነበር።”

“ስለ መንገዱ አልጠየቅሁህም።”

ቁልፉን አዞረ። “እስቲ ስሚው ሞተሩን። አዲስ አልሆነም?”

ሰማችው። እውነትም አዲስ ሆኗል።

በሩን ከፍታ አንድ እግሯን አወጣች። ጴጥሮስ በሩን ልትወረውረው ነው ብሎ ትከሻውን ሰበሰበ። አጸደ ወረደች፤ በሩንም እሱ እንዳስተማራት በቀስታ ዘጋችው።