የአለበል አያት ምስር

የስማዳ ቆላ ሰዎች የሚሉት እንዲህ ነው፤ የአለበል አያት በኅዳር ሚካኤል፣ ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሳለ፣ ምስር ወቃ። ማታ ምስሩን ሊሰፍር ቢመጣ ከነአውድማው ድንጋይ ሆኖ ቆየው። አለበል ከአባቱ የሰማው ግን ሌላ ነው፤ አያቱ ያን ቀን ታሞ ተኝቶ ነበር፤ ድንጋዩንም ያወጣው ጎርፍ ገደሉን ሲንደው ነው። ምስር የሚያካክሉ ክብ ነገሮች የታተሙበት ጠፍጣፋ ድንጋይ ለሁለቱም ወገን ምስክር ሆኖ ከማሳው ግርጌ ተጋድሟል።

በ፲፱፻፶፱ ዓ.ም. ወሬው የአለበልን ልጅ ብርቱካንን ለልጁ ካጨው ከንጉሴ ጆሮ ገባ። ሠርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ከእስቴ ድረስ መጥቶ፣ «የተረገመ ዘር ቤቴ አላስገባም» አለ። ይሁኔ የሚባል ስለ ድንጋይ የሚያጠና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በአገሩ ሰፍሮ ነበርና፣ ሊያስታርቁ የተቀመጡት ሽማግሌዎች እሱ አይቶ ይፍረድ አሉ።

ይሁኔ በማጉያ መነጽሩ ድንጋዩ ላይ አጎንብሶ ቆየ። አለበል ከአጠገቡ ቁጢጥ አለ።

«ምስር አይደለም» አለ ይሁኔ ቀና ብሎ። «ባደገ ቁጥር የተጨመሩ ቀለበቶች አሉት። በሁለት ቅርፊት መካከል ሆኖ ኩሬ ውስጥ የሚኖር ትንሽ እንስሳ ነበር፤ ከሁላችንም አያቶች በፊት የሞተ።»

«እንስሳ ከሆነማ የጾም ወጥ አይሆንም» አለ ንጉሴ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ።

ከመካከላቸው የተቀመጡት መሪጌታ ገብረ መድኅን ግን አልሳቁም። «ስሙ ማን ይባላል፣ ልጄ?»

«ዝርያውን ገና አላውቅም፣ የኔታ። የሚለየው በቀለበቶቹ መካከል ባለው ጥቃቅን ጥልፍ ነው፤ ያ በዚህ መነጽር አይታይም። አዲስ አበባ በትልቁ መሣሪያ መታየት አለበት። ምናልባት ለፋሲካ ይታወቃል፤ ላይታወቅም ይችላል።»

«ስሙን ሳያውቅ ዘመዱን ነገረን» አለ ንጉሴ።

አለበል ይሁኔን ወደ ግራሩ ጥላ ሳበው። «አንድ ስም ጥራላቸው። እዚህ ማን ያርምሃል?»

«ኋላ ሌላ ስም ቢመጣ፣ ምስር አይደለም ያልሁትንም አያምኑኝም፣ አያ አለበል።»

ሲመለሱ መሪጌታው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ቀላል መንገድ አለ» አሉ። «አያቴ በድሏል ብለህ ስለ እሱ ንስሐ ግባ፤ ዝክር ዘክር። ሠርጉም በቀኑ ይሆናል።»

ንጉሴ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።

አለበል ቀኑን ቆጠረ። ጥር ካለፈ ጾሙ ይገባል፤ ንጉሴም ሌላ ቤት ያንኳኳል። ብርቱካን የሙሽራውን ኩታ ፈትላ ጨርሳለች። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚፈለግበት።

«አያቴ በሚካኤል አልወቃም» አለ። «የድንጋዩ ስም እስኪታወቅ ሠርጉ ይቆይ።»