ከሐዘን ቤት የወጣ ደቦ

በዛብሽ ሳቋ አመለጣትና በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፈነች። ባሏ ጓዴ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ዳሱ በለቀስተኛ ሞልቷል፤ ቄስ አካለ ወልድ ፍትሐቱን ካደረሱ በኋላ የሟቹን ጥርስ ነገር አንሥተው ሰዉን በሳቅ ያፈርሱታል።

ታሪኩ እውነት ነው። ሚሲዮኖቹ ከቢቸና ወጥተው፣ በሞጣ መንገድ ሐኪም ቤት እንሥራ ብለው የመጡ ጊዜ፣ "እነዚህ ሃይማኖት ሊያስለውጡን ነው" ብሎ ሸንጎ ላይ የተነሣባቸው ጓዴ ነበር። ሳምንት ሳይሞላው መንጋጋው አበጠና የሚሲዮኑ ሐኪም፣ ፈረንጁ ሚስተር ኦላ ፊት ተቀመጠ። ጉጠቱ አፉ ሲደርስ እጁን ይዞ፣ "ጥርሱን ውሰድ፤ ሃይማኖቴን ግን እንዳትነካ" አለው። ፈረንጁ ሲተረጎምለት እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ማን ይለያቸው! ጓዴ ከእርሻው ጫፍ ቦታ ሰጠ፣ ደቦውንም ጠራ።

በዓል በዝቶ ሥራው አልገፋ ሲል ደግሞ ቄሱን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጠብቆ ሞገታቸው፤ በበዓል ለራስ ማረስ ኃጢአት ከሆነ ለበሽተኛ ድንጋይ መሸከም ምን ይባላል አላቸው። ቄሱ ሦስት ቀን አስበው ጽድቅ ነው አሉ። ከዚያ በኋላ በሚካኤልም በማርያምም ድንጋይ ይጎርፍ ጀመር።

ጓዴን ግን ግንቦት ላይ ውጋት ያዘው። ሚስተር ኦላ ቆርቆሮ ሊያመጣ ሞጣ ሄዶ ነበርና ወንድሙ በላቸው ከጎረቤት ጋር ሆኖ በቃሬዛ ወደ ደብረ ማርቆስ ተሸከመው። መንገዱን ሁሉ "ቀስ በሉ፣ አገር ልይበት" ሲል ነበር። ሉማሜ ሳይደርሱ ዐረፈ። በዛብሽን የሚያንገበግባት ይኸው ነው፤ ሐኪም ቤቱ አንድ ወር ቢቀድም ኖሮ።

ሳቁ ሲበርድ ሰማዩ አጉረመረመ። ሚስተር ኦላ ዳሱ ጥግ፣ ጫማውን አውልቆ እንደተቀመጠ ቀና አለ። የሐኪም ቤቱ ግድግዳ ገና ያልደረቀ ጭቃ ነው። ቆርቆሮው መጥቷል፤ ጣራ ላይ የሚያወጣው ሰው ግን ሁሉም እዚህ ለቅሶ ላይ ነው። ዝናቡ ከቀደመ የበጋው ድካም ቦይ ለቦይ ሊወርድ ነው። በላቸው ቢሆን ሰባቱ ሳይወጣ የወንድሜን ሐዘን አላስረግጥም እያለ ለቄሱ ሲያንሾካሹክ በዛብሽ ሰማችው።

ከሐዘን ቤት ሰው ማስነሣት የሚችል ባለሐዘኗ ብቻ ናት። ብታስነሣ ደግሞ ባሏን ሳታለቅሰው ቀረች መባሏ ነው፤ እሷም ገና አልጠገበችውም፤ ስሙ ሲነሣ መስማት ትፈልጋለች። ተነሥታ ቆመች።

"ልታጽናኑኝ አይደል የመጣችሁ?" አለች። "ያ ግድግዳ ከፈረሰ በምን እጽናናለሁ? ተነሡልኝ።"

ቄስ አካለ ወልድ መቋሚያቸውን አንሥተው፣ "አልሰማችሁም? የሐዘኑ ባለቤት እኮ ተናገረች" አሉና ቀድመው ወጡ። ሌላው ተከተላቸው፤ አንዷ ሴትዮ ስታለቅስ ሌላዋ እየሳቀች።

ቆርቆሮው ጋ ሲደርሱ፣ እያቅማማ የተከተለው በላቸው እንደ ደቦው ወግ በየቤቱ ተራ የአባወራውን ስም ይጠራ ጀመር፤ የተጠራው የቆርቆሮውን ጫፍ ይዞ ወደ መሰላሉ ያሳልፋል። ከጎረቤታቸው ከይርሳው ቀጥሎ፣ አፉ ለምዶበት፣ "ጓዴ!" አለ።

ሁሉም መሬት መሬት አየ።

"አቤት" አለች በዛብሽ። መቀነቷን አጠበቀችና የቆርቆሮውን ጫፍ ያዘች።