ጭሱን የሚደብቀው ጠርሙስ

አንዋር የሁለተኛውን ጠርሙስ ክዳን ጠምዝዞ ከፈተና ወፍራሙን ፈሳሽ በሚኒባሱ የዘይት መሙያ ማንቆርቆር ጀመረ። መካኒኩ ሙሀመድኑር እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቆሞ ያየዋል።

“ይሄ እኮ ዘይቱን ያወፍራል እንጂ ያለቀ የፒስተን ፋሻ አይመልስም። ጭሱን ለጊዜው ይደብቅልሃል። ሞተሩ ወርዶ ካልታደሰ አንድ ቀን መንገድ ላይ ነክሶ ቀጥ ይልብሃል።”

“ቢወርድ ስንት ጊዜ ይፈጃል?”

“ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ አንድ ወር ቢሆን ነው። ያው ቤትህ ታርፋለህ።”

አንዋር ጠርሙሱን አራግፎ ጨረሰ። የማሳደሻው ገንዘብ አልቸገረውም፤ ልጁ ሙና ከጅዳ ልካለታለች። የቸገረው ቤቱ ነው። ሚስቱ ዙቤይዳ ከሞተች ወዲህ ግድግዳው ያስፈራዋል። ከከሚሴ ጨፋ ሮቢት ሲመላለስ ሲውል ግን ሰው ያዋራዋል። ገበያተኛው በኦሮምኛም በአማርኛም ስለ ማሽላና ስለ ጥጃ ሲጨቃጨቅ እሱም ጣልቃ እየገባ ይዳኛል። ያረጀ ሞተር በጠርሙስ መድኃኒት የሚድን ቢሆን ኖሮ ጋራዥ የሚባል ነገር በአገሩ ባልኖረ። ይህን አንዋርም አያጣውም፤ ብቸኝነት ግን የሚያውቁትን ያስረሳል።

ከመናኸሪያ ሲወጣ ጭሱ እውነትም ጠፍቶ ነበር። ጋቢና የተቀመጡት ጎረቤቱ አሮጊቷ አዴ ዘሊካ ነበሩ።

“አከም አንዋር፣ ፈያዳ? ደህና ነህ? ዛሬ ጭሱ የለም።”

“አልሀምዱሊላህ፣ መድኃኒት አጠጣሁት።”

“አንተስ? ጠፋህ እኮ።”

“እኔ ነኝ የጠፋሁት? ከለቅሶው በኋላ በሬን የረገጠ ሰው የለም፣ አዴ።” እንዲህ ሊል አላሰበም ነበር።

አዴ ዘሊካ ዞረው አዩት። “ወላሂ መጥተናል። ሐሙስ ሐሙስ ተሰብስበን ከምናደርገው የወዳጃ ዱዓ ስንመለስ በርህን እናንኳኳለን፤ ቁልፍ ነው። ጎረቤታችን ሰዒዳም ምሳ ይዛልህ መጥታ ተመልሳለች። ኋላ ሰዉ ‘መኪናውን አግብቷል፣ እንተወው’ አለ።”

ከኋላ የሰሙት ሳቁ። አንዋር አልሳቀም። ሰው ያልረሳው መሆኑ ደስ አለው፤ ይበልጥ ግን ያመለጡት ሐሙሶች ቆጩት። ተሳፋሪዎቹን ጨፋ ሮቢት አደረሰ።

ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ጋራዡ በር ላይ ቁልፉን ለሙሀመድኑር ዘረጋለት።

“አውርደው።”

“ጭሱ አልጠፋልህም እንዴ?”

“ጠፍቷል። ሞተሩን አውርደው።”

በእግሩ ወደ ቤቱ ሲሄድ ፋይዛ ሱቅ ቆሞ ሁለት ኪሎ ስኳርና ግማሽ ደርዘን የሻይ ብርጭቆ ጠየቀ። እሱ ከዳቦ በቀር ሌላ ሲገዛ አይታ አታውቅም።

“እንግዳ አለብህ እንዴ?” አለችው።

“እንጃ” አለ አንዋር። “ምናልባት ሐሙስ ከመጡ ብዬ ነው።”