የሠርጓ ዑድ

የሚፍታ አፍንጫ ከሞተ አራት ዓመት ሊሞላው ነው። በኮሮናው ጊዜ ሁለት ሳምንት አልጋ ላይ የጣለው በሽታ ትኩሳቱንና ሳሉን ይዞ ሲሄድ ማሽተቱንም አብሮ ይዞት ሄደ። ይመለሳል ብሎ ጠበቀ፤ አልተመለሰም። አሰላ ገበያ ሠላሳ ዓመት ሽቶ የሸጠ፣ ከሁሩታም ከጎበሳም «ይህ ዑድ ንጹሕ ነው ወይስ የተቀላቀለ?» እያሉ ጠርሙስ ይዘው የሚመጡበት ሰው፣ ዛሬ ዓይኑን ቢሸፍኑት ዑዱን፣ ያን ከእንጨት የሚወጣ የዘይት ሽቶ፣ ከነጭ ጋዝ አይለይም።

ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሱቁ በግድግዳ የሚዋሰነው ልብስ ሰፊው የኋላሸት። ጠርሙስ ሲመጣ ሚፍታ «ሽቶ በችኮላ አይፈረድም፤ ከዐስር ሶላት በኋላ ተመለስ» ይላል። ባለጠርሙሱ ዞር ሲል ግድግዳውን ሁለት ጊዜ ያንኳኳል። የኋላሸት መርፌውን ደረቱ ላይ ሰክቶ ይመጣል፤ እጁ ላይ ይቀባል፤ ያሸታል።

«ምን ይላል?» ይጠይቃል ሚፍታ፣ ሽቶው አፍ ያለው ይመስል።

የኋላሸትም ባገሩ ቋንቋ ይመልስለታል። «ዝናብ የመታው ኮርቻ» ይላል። «ገና የተወቃ ገብስ» ይላል። አንዴ «ያደረ የጠላ ጋን» ቢለው ሚፍታ ተቆጣ። «በማውቀው ንገረኝ እንጂ አንተ ሰካራም! እኔ ጠላ የት አውቃለሁ?»

ሽቶ ሲቀባ የሚለው ሌላ ነው፤ ሰዓታት አልፈው ገላ ላይ ሲደርቅ የሚለው ሌላ። ፍርዱ ያለው በሁለተኛው ላይ ነው። ሚፍታ «የኋላ ሽታ» ይለዋል፤ በዚህም በጓደኛው ስም ይቀልዳል። «እናትህ ሽቶ ነጋዴ እንድትሆን አውቀው ነበር ያወጡልህ። አንተ ሱሪ ታሳጥራለህ።»

ሚስቱ ፋጡ ከመስከረም ጀምሮ ተኝታለች። ጉበቷ ነው። ሐኪሞቹ «ቤት ወስዳችሁ ተንከባከቧት» ካሉ ወር አልፏል፤ ይህ አነጋገር ምን ማለት እንደሆነ ከእሷ ጀምሮ ሁሉም ገብቶታል። አንድ ቀን ሾርባውን ሳትነካው መልሳ፣

«አባ ነቢላ» አለችው፣ በሴት ልጃቸው ስም፤ ስትለምነው እንዲህ ነው የምትጠራው። «በሠርጌ ቀን የተቀባሁትን ዑድ አንድ ጊዜ ላሽት። ከዚያ ወዲያ አላስቸግርህም።»

ያ ዑድ አጎቷ ከጅዳ የላኩላት ንጹሕ የህንድ ዑድ ነበር። ሚፍታ «ከአንቺ በፊት ዑድሽን ነው የወደድኩት» እያለ ዕድሜ ልኩን ሲያናድዳት ኖሯል። አሁን «እሺ» አላት። ሌላ ምን ይላል? አፍንጫ የለኝም ይበላት?

ከአዲስ አበባ ዑድ ለሚያመላልሰው ለኢርሻድ ደወለለት። ነጋዴው በሦስተኛው ቀን ሁለት ትንንሽ ጠርሙስ ይዞ መጣ፤ የአንዱ ክዳን ቀይ፣ የአንዱ ጥቁር።

«ጋሽ ሚፍታ፣ ሁለቱንም የህንድ ነው ብለው ነው የሰጡኝ። የቱ እንደሚበልጥ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። የመረጡትን ይውሰዱ፤ የቀረውን ይዤ ጎበሳ እወርዳለሁ፣ ሠርግ አለ።»

«ከዐስር በኋላ ተመለስ።»

ግድግዳው ተንኳኳ። የኋላሸት ቀዩን በቀኝ፣ ጥቁሩን በግራ እጁ አንጓ ተቀባ።

«ቀዩ ቆዳ ነው፣ አዲስ ጫማ። ማር ነገርም አለው። ጥቁሩ ደግሞ በረት በረት ይላል።»

«ይህ የመጀመሪያ ሽታው ነው። ቆይ።»

የኋላሸት እጅጌውን ሰብስቦ ወደ ስፌት መኪናው ተመለሰ። «የንስሐ አባቴ ዛሬ ቢመጡ ምን ልላቸው ነው? በሁለት እጅ ሙሽራ ሆንኩ ልበል?» ሲል ሚፍታ በግድግዳው ማዶ ሰማውና ፈገግ አለ። ከብዙ ቀን በኋላ ነበር ፈገግ ያለው።

ዐስር ሰግዶ ሲመለስ ጓደኛውን ቆሞ ሲጠብቀው አገኘው።

«ቀዩ ያው ነው፤ ቆዳና ማር።»

«ጥቁሩስ?»

የኋላሸት ግራ እጁን አፍንጫው ላይ አድርጎ ደግሞ አሸተተ። ድምፁ ዝቅ አለ። «ጥቁሩ… ቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን ይላል።»

ሚፍታ ለደንበኛ ሁሉ ሲናገረው የኖረ አንድ ሕግ አለው፤ ዑድ ውስጥ ዕጣን ከሸተተህ የተቀላቀለ ነውና አትግዛ። ቤተ ክርስቲያን ገብቶ አያውቅም። በደጁ ሲያልፍ ግን የሚወጣው ዕጣን ነው፤ አፍንጫው ደህና በነበረ ጊዜ ስንት እሁድ አሽትቶታል። ከዚህ በላይ ምን ይጠየቃል?

«በቃ፣ ቀዩን እወስዳለሁ።»

«እኔ ግን ጥቁሩን…» ብሎ የኋላሸት ሲጀምር ኢርሻድ በሩ ላይ ደረሰ። በሰው ፊት ስለ ማሽተት አይወራምና ነገሩ እዚያው ላይ ቆመ።

ያን ምሽት ፋጡን በመድኃኒት ተኝታ አገኛት። ጠዋት ትራሷን ከፍ አደረገላትና የእጇ አንጓ ላይ አንዲት ጠብታ ቀባት። አሸተተች። ደግማ አሸተተች።

«ደግ ሽቶ ነው» አለች። «እሱ ግን አይደለም።»

ሚፍታ ክዳኑን ሊገጥም ሞከረ፤ አልገጥም አለው።

«አንተ አላሸተትከውም። ብታሸተው ኖሮ ደጃችን አታደርሰውም ነበር።»

«ፋጡ…»

«አምና ወተቱ አርሮ ቤቱን ሲሞላው አጠገቡ ተቀምጠህ ቁርዓን ትቀራ ነበር። ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ይነግረኛል ብዬ ዝም አልኩ።»

ወደ ግቢው ወጣ። ከጭላሎ የሚወርደው ብርድ ዓይኑን አስነባው። ለየኋላሸት ደወለ።

«ጥቁሩ ዕጣን አለው አላልከኝም?»

«ማነው ዕጣን ያለ?»

«ቤተ ክርስቲያን ይላል አላልክም?»

በስልኩ ውስጥ የልብስ ስፌቱ መኪና ድምፅ ቆመ።

«ሚፍቴ፣ እኔ ያልኩት ዕቃ ቤቱን ነው። የካህናቱን ልብስ ልጠግን የምገባበትን። እዚያ አንድ ያረጀ የጥድ ሳጥን አለ፤ ውስጡ የብራና መጻሕፍት ናቸው፣ ቆዳቸው ስንት ዘመን ያየ። ሳጥኑ ሲከፈት የሚወጣውን ነው ያልኩህ። ዕጣንማ እዚያ አይታጠንም።»

ያረጀ እንጨትና ያረጀ ቆዳ። ንጹሕ የህንድ ዑድ ሲደርቅ የሚለው ይኸው ነው። ይህን ለሰው ሁሉ ያስተማረው ራሱ ሚፍታ ነው።

«አፌን በቆረጠው» አለ የኋላሸት።

«ተው። ያልጠየቅሁህ እኔ ነኝ።»

ኢርሻድ ስልኩን ሲያነሳ ከኋላው ከበሮ ይሰማ ነበር። «ጥቁሩን? ኧረ ትናንት ማታ ነው የወሰዱት፣ ጋሽ ሚፍታ። ሙሽራዋ እኮ ተቀብታዋለች። ጠርሙሱም አብሯት ወደ ባሏ አገር ሊሄድ ነው። ሌላ ላፈላልግልዎ? ወር ቢሰጡኝ…»

«ግዴለም» አለ ሚፍታ። ወር ከየት ያመጣል?

ገብቶ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገራት። ፋጡ ሳል እስኪያቋርጣት ሳቀች።

«ሁለት ሽማግሌ! አንዱ አፍንጫ የለው፣ አንዱ አፍ የለው።» ከዚያ ሳቋ ቀስ እያለ ጠፋና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሚፍታ ብርድ ልብሷን አስተካከለላት። ኋላ መልሳ ወደ እሱ ዞረች። «ና ተቀመጥ። የመጣውን እንፍረደው። እኔ አሸትልሃለሁ።»

ያን ቀን ሱቁን አልከፈተም። ረፋዱ ላይ፣ «አዲስ ጫማ» አለች፤ «ነቢላ ትምህርት ቤት ስትገባ የገዛህላት። ያን ሌሊት ታቅፋው ተኝታ አልነበር?» ከዙሁር በኋላ፣ «ማሩ መጣ። ግን የስኳር ማር ነው፤ አታለውሃል።» እሱም እንደ ልማዱ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማት። ሠላሳ ዓመት ለሰው ሲፈርድ ይህችን ሴት አንድ ቀን ምን ይሸትሻል ብሎ ጠይቋት አያውቅም። ብትነግረው ኖሮ ስንቱን ባወቀ። ዐስር ላይ፣ «ሳሳ» አለች። «ካልተጠጋሁት አይሰማኝም።» በየመሀሉ ታንቀላፋለች፤ በነቃች ቁጥር እጇን ወደ አፍንጫዋ ስታነሳ እየዘገየች መጣች።

መግሪብ ሲቃረብ ሚፍታ ማንቆርቆሪያውንና ሳህኑን ይዞ መጣ። ለሶላት የምትታጠበውን ውዱእ እሱ ነው የሚያደርግላት፤ የዙሁሩና የዐስሩ ውሃ ሽቶውን አሳስቶታል፤ ይህኛው ይጨርሰዋል። እጇን ያዘና ቆመ።

«ይሄኛውን ትንሽ እናቆየው?»

«ሶላት ሊያልፈኝ? አፍስስ።»

ለብ ያለውን ውሃ አፈሰሰ፤ እስከ ክርኗ ድረስ አጠባት፤ ሦስት ጊዜ። ሌላውንም እጇን አጠባት። ስትጨርስ ያን አንጓ ወደ አፍንጫዋ ወሰደች፤ ሽቶው ሄዷል። ከዚያ ወደ እሱ ዘረጋችለት። እንደማይሸተው ሁለቱም እያወቁ ጎንበስ ብሎ አሸተተ። አፍንጫውን የነካው የእርጥብ ገላዋ ብርድ ብቻ ነበር።

«ምን ይላል?» አለችው።

«በርዶሻል» አለና እጇን በጋቢው ጫፍ ማድረቅ ጀመረ።