ተመልካች የሌለው ቲያትር

በዚያ ተራራ አናት ላይ አየር በማንኪያ ነው የሚታደለው። ሰው አጎንብሶ የጫማውን ክር ካሰረ በኋላ ሲሮጥ እንደዋለ ቁና ቁና ይተነፍሳል። ድንች ግማሽ ቀን ተቀቅሎ ልቡ አይበስልም። እንቅልፍም ቢሆን ትንፋሽ ሲቋረጥ እየባነኑ በቁራጭ በቁራጩ የሚለቅሙት ነገር ነው። እዚህ ላይ የአንቴና ማማ ካልተከልን ብለው ሠራተኛ የሚልኩት አለቆች ራሳቸው አንድ ቀን ወጥተው አያውቁም፤ ይሄ እንግዲህ የትም ያለ ነው።

በያጁ ለከፍታ አዲስ አልነበረም። አዲሱ የሚስቱ ታናሽ ወንድም፣ ኤሌክትሪሻኑ ነው። ሰው ሁሉ «ቲያትር» ይለዋል፤ የእናት ስሙን የሚያስታውስ ካለ ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው። የሹፌሩን አነካከስ፣ የፎርማኑን ሳል፣ የምግብ አብሳይዋን ቁጣ ቁጭ አድርጎ ያመጣዋል። ሲነሱ እህቱ በር ድረስ ወጥታ ባሏን፦ «አደራ! እሱ እንደሆነ ቢያመውም አይናገርም፤ ሲያስቅ ነው የሚውለው» አለችው። በያጁም አፉን ሞልቶ «እኔ እያለሁ!» አላት።

ካምፑ አንድ ሕግ ነበረው። ከፍታ ክፉኛ ሲጥል የሚጀምረው ከራስ ነው። አየር ያጠረው አንጎል ያብጣል፤ ሰውየው ግን ደህና ነኝ ብሎ ይምላል ይገዘታል። የሚያጋልጠው እግሩ ነው። ስለዚህ በየማለዳው፣ መሣሪያ ከመታደሉ በፊት፣ ሁሉም ሰው በምግብ አዳራሹ ወለል ላይ የተቀባውን ነጭ መስመር ተረከዙን ከጣቱ እያገናኘ ይሄደዋል። ቀጥ ብሎ የሄደ ወደ ሥራው፣ የተንገዳገደ ወደ ታች። ፈራጁ ፎርማኑ ነው።

ቲያትር ያችን መስመር ገና ከመጀመሪያው ቀን መድረኩ አደረጋት። አንድ ቀን ሰካራም ይሆናል፤ አንድ ቀን ገመድ ላይ የሚሄድ ሰርከሰኛ፤ አንድ ቀን ደግሞ ረጅም ተረከዝ ያልለመደች ሙሽራ። ሰውን በሳቅ ከጨረሰ በኋላ ግን ሁልጊዜ ተመልሶ አንድ ጊዜ በሥርዓት ይሄዳታል። ያኔ ፎርማኑ ራሱን ነቅንቆ ያሳልፈዋል።

አንድ ዕለት ጠዋት እንደገና ሰካራም ሆነ። ሁለት እርምጃ ሄዶ ወደ ግራ ወደቀ፣ ጠረጴዛ ይዞ ተነሣ፣ መስመሩን ትቶ ወደ ምድጃው ሄደ። አብሳይዋ በጭልፋ መለሰችው። ጭብጨባው ቤቱን አናጋው። በያጁ ሲስቅ እንባው ወረደ፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲወቅረው ያደረው ራስ ምታት እንኳ ተረሳው። ፎርማኑም ሆዱን ይዞ፣ «በቃ፣ በቃ፣ እለፍልኝ!» አለ። ተመልሶ በሥርዓት መሄዱ የዚያን ቀን ቀረ። ማንም አላስተዋለም።

በያጁ ማማው ሥር ሲደርስ የፊት መከላከያውን ረስቶት ኖሮ ወደ ዕቃ ቤቱ ተመለሰ። በመስኮቱ ሲያይ ቲያትር ብቻውን ነው። የግራ እጅ ጓንቱን ቀኝ እጁ ላይ ለማጥለቅ ይታገላል። ጓንቱ ወደቀ። ሊያነሣው ሲያጎነብስ መደርደሪያው ላይ ተደፋ፤ ግድግዳውን እየዳበሰ ተነሣ፤ ተንገዳገደ። አሁንም ሰካራሙ ነው። ግን ማንን ሊያስቅ? እዚያ ቤት ውስጥ ከሽቦና ከብሎን በቀር የሚያየው የለም።

በያጁ በሩን በርግዶ ገባ።

«ቲያትር! ተው አትቀልድ። እየኝ እስቲ፣ እኔ ማን ነኝ?»

ልጁ ከንፈሩ ጥቁር ሰማያዊ ሆኗል። ቀስ ብሎ አየው፤ ከሩቅ እንደሚያይ ሰው።

«አንተማ...» አለና ፈገግ አለ። «አንተማ ያ ነህ።»

ፎርማኑ ተጠርቶ መጣ። ከዕቃ ቤቱ በር ወደ ቁልቁለቱ ተመለከተ፤ ጉም መንገዱን ውጦታል። ሹፌሩ በትልቁ መኪና ገመድ ሊያመጣ ወርዷል፤ የቀረችው ፒክአፗ ናት።

«ገደሉ አይታይም እኮ። ጉሙ እስኪገልጥ ጋደም ይበል፣ ምናልባት ይተወዋል።»

«እዚህ ተኝቶ የሚተወው በሽታ ነው እንዴ? ካልወረደ ይሞትብኛል! ቁልፉን ስጠኝ።»

ፎርማኑ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ፣ ግን አልሰጠውም። «አንተስ? እስቲ መጀመሪያ መስመሩን ሂድልኝ።»

በያጁ ምግብ አዳራሹ ገብቶ መስመሩን ሄደ። ተረከዙን ከጣቱ ሲያገናኝ ላቡ በጀርባው ይወርዳል፤ መስመሩ ወደ ቀኝ የሚያዘነብል መሰለው። መስመሩ ነው ወይስ የኔ ጭንቅላት? ፎርማኑ «ቀጥ ብለሃል» አለው። በያጁ ግን ይበልጥ ደነገጠ። የሚፈርድለት የፎርማኑም ራስ ያው አየር ያጠረው ራስ ነው፤ ከአንድ ሰዓት በፊት ያንኑ ልጅ እለፍ ብሎት የለ?

ቁልፉን ተቀበለና ልጁን ጎኑ አስቀምጦ በቀበቶ አሰረው። የካምፑን አንዲት የኦክስጅን ጠርሙስ አፍንጫው ላይ አደረጉለት፤ የጠርሙሷ ዕድሜ ግን ከመንገዱ እንደሚያጥር ሁሉም ያውቃል።

ቁልቁለቱን በትንሽ ማርሽ፣ በጉም ውስጥ፣ መስኮት ከፍቶ የመንገዱን ዳር ድንጋይ እየቆጠረ ወረደ። በየመታጠፊያው ፍሬኑን ረግጦ፣ የረገጥኩት ፍሬኑን ነው ወይስ ሌላ ብሎ ወደ እግሩ ያያል። እንዲህ ሆኖ አያውቅም፤ ሰው የራሱን እግር ሲጠራጠር ክፉ ነገር ነው። «ቲያትር፣ አናግረኝ! ፎርማኑን ምሰልልኝ!» ይላል። ልጁ አስመለሰው፤ ከዚያ ዝም አለ። ትንፋሹ ቆመ። በያጁ መኪናውን አቁሞ ደረቱን ሲደልቀው አንድ ረጅም ትንፋሽ ሳበ፣ ቀጠለ፣ እንደገና ቆመ። ጠርሙሷም ፉጨቷን ጨረሰች። አየሩ እየወፈረ ሲመጣ ስልኩ መስመር አገኘና ጮኸ። ሚስቱ ናት። አላነሣውም። ወንድምሽ ጎኔ እየሞተ ነው ተብሎ በስልክ ይነገራል? «አደራ በላ አታድርገኝ» እያለ ጮክ ብሎ አለቀሰ፤ ፈጣሪውን ይሁን መኪናውን አይታወቅም።

ጤና ጣቢያው ሲደርሱ ጉሙ ከበላያቸው ቀርቷል። ነርሷ ሌላ ነገር ሳትጠይቅ የኦክስጅን ጭምብል ገጠመችለት፣ መርፌ ወጋችው፣ ጆሮዋን ደረቱ ላይ አኖረች። «ትንሽ ቆይታችሁ ቢሆን...» አለችና ተወችው። በያጁ ወደ ግቢው ወጥቶ ለሚስቱ ደወለ። «በሕይወት አለ» አላት።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ልጁ ዓይኑን ገለጠ። ከንፈሩ ቀልቷል።

«ጋሼ።»

«አቤት፣ ወንድሜ! አወቅኸኝ?»

«ጠዋት እኮ...» አለ፣ ጭምብሉን ከፍ አድርጎ። «መጀመሪያ እየቀለድኩ መስሎኝ ነበር። ኋላ ላቆም ስል እግሬ አላቆም አለኝ። ፈራሁ። ያን ጊዜ አንተን አየሁህ። ትስቃለህ። እንግዲያው ቀልድ ነው ማለት ነው ብዬ ቀጠልኩ።»

በያጁ ጭምብሉን መልሶ ገጠመለትና እጁን ይዞ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።