የግድግዳ ቀን

ድርጅቱ ደንን፣ ወንዝንና አእዋፍን እጠብቃለሁ ብሎ የተነሣ ትልቅ ድርጅት ነው። ሠራተኛው አለቃውን የሚያማበት ቀን እንኳ በደንብ ተደንግጎለታል። በዓመት አንድ ጊዜ አለቆቹ በአዳራሹ ውስጥ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይቀመጣሉ፤ ሠራተኛው ደግሞ ከኋላቸው ሆኖ በየተራ የልቡን ይናገራል። አለቃ ዞሮ ማየት አይፈቀድለትም፤ ማን እንደ ተናገረ እንዳይታወቅ ነዋ! ሰው በድምፁም እንደሚለይ ደንቡን ያወጡት ሰዎች የረሱት ይመስላል።

ዘንድሮም ዋና ሥራ አስኪያጁ ነጩ ግድግዳ ላይ አፍጥጦ ተቀምጧል።

"አለቆቻችን ስለ ጭስ ንግግር ለማድረግ በአውሮፕላን ይመላለሳሉ" አለ አንዱ። አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ሥራ አስኪያጁ በድምፁ ሾፌሩ መሆኑን አወቀ።

"እኔን ስሜን እንኳ አያውቁኝም፤ 'አንቺ የሪፖርቷ' ነው የምባለው" አለች ሌላዋ። እውነቷን ነው፤ ስሟን አያውቀውም።

"ችግኝ ሲተከል ለፎቶ ይመጣሉ፤ ውሃ ለማጠጣት ግን ዝር አይሉም።"

ይህ ሁሉ በአንድ ጆሮው ገብቶ በሌላው ይወጣል። እሱ ጆሮውን አቁሞ የሚጠብቀው የትንኟን ድምፅ ብቻ ነበር።

ትንኟ የረግረግ ባለሙያዋ ናት። ቅጽል ስሙን ያወጣላት እሱ ራሱ ነው፤ ረግረግ ስለምትወድ ብቻ ሳይሆን ጆሮ ሥር ገብታ ካልነዘነዘች ስለማይሆንላት። በወጣትነታቸው ጭቃ እስከ ጉልበታቸው እየዋጣቸው በሸንበቆው መሐል የወፍ ጎጆ ሲፈልጉ አብረው ኖረዋል። ታዲያ ስትሰድበው ለጉድ ነበር! "አንተ ግንዲላ፣ ልትረግጠው እኮ ነው!" ትልና ወዲያው ኮዳዋን ታቀብለዋለች፤ ቁጣዋ እዚያው ያልቃል።

ኋላ ሹመት መጣ፤ ቢሮውም ወደ ላይኛው ፎቅ ወጣ። ረግረጉ ለጋሾችን አይስብም ተብሎ ከዕቅድ ሲሰረዝ የፈረመው እሱ ነው። ያን ዕለት ትንኟ ቢሮው ድረስ ወጥታ ጠረጴዛውን በጡጫ ነረተችው። እሱም በጊዜው ተቀየማት። እንደዚያ አድርጎ የሚቆጣው ሰው ከዚያ ወዲያ እንደማያገኝ በምን ያውቃል? እሷም ከዚያ ወዲህ ሰላም ብላው ታልፋለች እንጂ ምንም አትለውም።

ዛሬስ ልክ ልኬን በነገረችኝ እያለ በልቡ ይለምናል። ከተቆጣችው ገና ተስፋ አልቆረጠችበትም ማለት ነው። ከጠየቀችው ደግሞ፣ ለጋሾቹ የፈለጉትን ይበሉ፣ ረግረጉን ወደ ዕቅዱ ሊመልስ ቆርጦ መጥቷል።

ከኋላው ወንበር ተንቋቋ። ትንኟ ጉሮሮዋን ስትጠርግ ገና ለያት።

"እኔ በበኩሌ ቅሬታ የለኝም። አመራሩ ጥሩ ነው፤ በዚሁ ይቀጥል" ብላ ተቀመጠች።

አላስቻለውም፤ ደንቡን ጥሶ ዞረ። ትንኟ ሸብታለች፤ መቼ እንደ ሸበተች አላየም።

"ምነው ትንኟ? ስደቢኝ እንጂ! ረግረጉስ?"

ቀልድ የመሰለው ሁሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

"ረግረጉማ አምና ደረቀ" አለችው ቀስ ብላ። "አልነገሩህም እንዴ? አሁን ከብት ይግጥበታል።"

"አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ምን ብዬ?" አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ ቢፈልግ፣ ቢፈልግ አጣ። "ያኔ የምጮህብህ ትሰማኛለህ ብዬ ነበር።"

ወፎቹስ ወዴት ሄዱ ሊላት አፉን ከፈተ። ሰብሳቢው ግን ሰዓት እየሄደ ነው ብሎ ተረኛውን ጠራ።