የባይሳ ወፍጮ

በ1964 ዓ.ም. ክረምት ሞቱማ የዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ጨርሶ ወደ ትውልድ ከተማው እጃጂ ተመለሰ፤ የአባቱን ወፍጮ ሊያስነሳ። ባለፈው ዓመት መምህሩ «የራሱን ሥራ ሊጀምር የሚያስብ አለ?» ብሎ ሲጠይቅ እጁን ያወጣው እሱ ብቻ ነበር። «ለምን?» ሲባል ስለ ትርፍ ተናገረ። ክፍሉ ሳቀ። ምሳ ሰልፍ ላይ ቆሞ እንኳ የወፍጮው ሞተር ቱክ ቱክ እንደሚሰማው ግን ለማንም አልነገረም።

አባቱ ባይሳ ጋቢው በሚሽከረከረው የሞተሩ ቀበቶ፣ በቺንጋው፣ ተይዞ ከሞተ ወዲህ ወፍጮ ቤቱ ተዘግቷል። በሩ እንደተቆለፈ ሞተሩ ሲሠራ ሰማን የሚሉ አሉ። እናቱ ፀዳለ ይህን ሲያወሩ ተነስታ ወደ ጓዳ ትገባለች።

ሞቱማ የወፍጮውን ድንጋይ ሲወቅር የአባቱ ወንድም ኦቦ ጉደታ መጥተው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ።

«አንተ፣ ዲግሪህን ዱቄት ልታለብሰው ነው?»

«ዱቄት ሲታጠብ ይለቃል፣ አጎቴ።»

«ዱቄቱስ ይለቅ።» ቺንጋውን አዩት። «ለእናትህ ነግረሃታል?»

«ነግሬያታለሁ።»

«ምን አለች?»

«ምንም።»

«እንግዲያው አልሰማችህም።»

አዲስ የተወቀረ ድንጋይ መጀመሪያ አሸዋ ይተፋል። ስለዚህ የመጀመሪያውን እህል ባለ ወፍጮው ከራሱ ይፈጫል፤ ዱቄቱ ለከብት ነው። ሞቱማ በገበያ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ከቤቱ ያመጣውን ገብስ ጨመረና የሞተሩን ማስነሻ ማኑዌላ አዞረ። ሞተሩ ተነሳ። ውጭ የገበያው ጫጫታ ቀጥ አለ። ጨው የምትሸጥ ሴት አማተበች።

ብዙም ሳይቆይ ፀዳለ አገልግልና የውሃ ማሰሮ ይዛ ገባች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ይህን ደፍ ረግጣ አታውቅም። ሞቱማ ከፀጉሩ እስከ ጫማው ነጭ ሆኗል።

«የሞቱማ አባት፣ እጅህን ታጠብ!» አለች፣ ከሞተሩ ድምፅ በላይ እየጮኸች።

የምትቀልድ መስሎት ፊቷን አየ። አትቀልድም። እጁን ዘረጋ። ውሃውን አፈሰሰችለት።

«ልጁ ዛሬም እዚህ መጥቶ ነበር?»

ሞቱማ ዱቄቱን ከእጁ አሸ።

«አንተስ አንዴ ገብተህበታል። እሱ ግን ይማር። ወደዚህ ቤት አታስጠጋው፤ ማልልኝ።»

ውሃው በጣቶቹ መካከል እየወረደ አለቀ።

«አላስጠጋውም» አለ ሞቱማ።

ፊቷ ተፈታ። «በል ብላ፣ ይቀዘቅዛል» ብላ አገልግሉን በርጩማው ላይ አስቀመጠችና ወጣች።

በገበያተኛው መካከል እስክትሰወር ድረስ ሞተሩን አላጠፋውም።